ብየዳው የአገር ቤት፣ ዋጋው የዶላር

ሰሞኑን ባለመኪኖች የተሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ ወሬው የመለዋወጫ ዋጋ ነው። ጎማ እንዳይቆልፍ የሚጠብቀው የፍሬን ሥርዓት፣ የኤቢኤስ፣ ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ አልጠፋ ያለው ሰው ጋራዥ ይሄዳል፤ «መቆጣጠሪያ ሞጁሉ ሞቷል» ይባላል፤ የአዲሱን ዋጋ ሲሰማ ይደነግጣል። እሱስ ይሁን፣ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው። ሰዉን ይበልጥ የሚያንገበግበው «እንግዲያው ይጠገንልኝ» ሲል የሚጠራለት ሒሳብ ነው። ጠጋኙ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። የሚያቀልጠው የብየዳ ሽቦ ኢምንት ነው። የእጁ ዋጋም በብር ነው የሚከፈለው። ታዲያ የጥገናው ዋጋ ዶላርን ተከትሎ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ሁለት መልሶች በየቦታው ይሰማሉ። አንዱ «ዶላር ጨመረ» የሚል ነው፤ ሌላው «ነጋዴው ስግብግብ ሆነ» የሚል። ሁለቱም ዋናውን ነገር አይነኩትም።

ዶላሩን እንይ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊትም በትይዩ ገበያ ዶላር የባንኩን እጥፍ ገደማ ይሸጥ ነበር፤ ባንክ ወረፋ የማይደርሰው አስመጪም ዕቃውን ሲተምን የኖረው በዚያኛው ዋጋ ነው። ስለዚህ ከጭማሪው ከፊሉ ከሐምሌ በፊት የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ገብቶ ነበር። ስግብግብነትም ቢሆን ትናንት ያልነበረ ዛሬ የተፈጠረ ጠባይ አይደለም፤ ሁልጊዜ ያለ ነገር ደግሞ ለውጥን አያስረዳም።

የጥገናውን ዋጋ የሚያወጣው ሌላ ነው። ካርል ሜንገር እ.ኤ.አ. በ1871 ቪየና ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ ነገር ዋጋ ከተደከመበት ድካም ሳይሆን ለገዢው ከሚሰጠው ጥቅም ይመነጫል ብሎ ነበር። እኔ የመለዋወጫ ገበያን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ጥገና የሚገዛ ሰው የሚገዛው ብየዳ አይደለም፤ አዲሱን ሞጁል ከመግዛት መዳንን ነው። የሚከፍለውም የዳነውን ያህል ነው።

ለማስረዳት ያህል አዲሱ ሞጁል 100 ብር ነው እንበል፤ ለጠጋኙ ሥራው የሚያስወጣው 5 ብር ነው እንበል። ከአሥር ጥገና ሰባቱ የሚጸና፣ ሦስቱ ተመልሶ የሚበላሽ ከሆነ ባለመኪናው ከአሥር ሦስት ጊዜ አዲሱን ከመግዛት አያመልጥም። ስለዚህ ቢያስብበት ለጥገና የሚከፍለው ጣሪያ 70 ብር ነው። አሁን አዲሱ 200 ብር ይግባ። የጠጋኙ ወጪ ከ5 ወደ 8 ብር ከፍ ይላል፤ የባለመኪናው ጣሪያ ግን 140 ብር ይሆናል። ጠጋኙ ከውጭ አንድ ዕቃ ሳያስመጣ የሚጠይቀው ዋጋ እጥፍ ሊሆን የሚችለው በዚህ ነው። ዶላሩ የገባው በወጪው በር አይደለም፤ ባለመኪናው ባለው አማራጭ በር ነው።

ከ8 እስከ 140 ያለው ቦታ ሰፊ ነው። ዋጋው እዚያ መካከል የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው አንድ ነገር ነው፤ ይህን ሥራ በትክክል የሚችሉ ስንት ሰዎች ለአንድ ደንበኛ ይፎካከራሉ? ብዙ ከሆኑ ዋጋው ወደ ወለሉ ይወርዳል። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ጣሪያውን ተጠግቶ ይቆማል። እኛ ያለነው በሁለተኛው ሁኔታ ውስጥ ነው።

ለምን ጥቂት እንደሆኑ ሥራውን በቅርብ ያየ ይረዳዋል። ሞጁሉ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑ በማጣበቂያ ታሽጓል። ጠጋኙ በቀጭን ምላጭ ዙሪያውን እየቆረጠ ይከፍተዋል፤ ትንሽ ጠልቆ ከገባ ቦርዱን ይጭረዋል። ውስጡን በአጉሊ መነጽር ሲያይ በፓምፑ ሞተር እግር ዙሪያ፣ ብየዳው ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ ያገኛል። ሞተሩ አጠገብ ያለው ሙቀትና የመንገዱ ንዝረት ለዓመታት ሲፈራረቁበት የመጣ ስንጥቅ ነው። እንዲህ ያለው ተበይዶ ይድናል። አንዳንዱ ሞጁል ግን ብየዳ ሳይሆን ሴራሚክ ላይ የተያያዙ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ሽቦዎች ናቸው ያሉበት፤ ተራ መበየጃ ሲነካቸው ይበጠሳሉ፤ ልዩ ማሽን ይጠይቃሉ። ይህን ለይቶ «ይኼኛውን አልነካውም» ማለት የሚችል ባለሙያ ነው ጥቂቱ።

በሌላ በኩል አምራቹ ጣሪያውን ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል። በብዙ የቶዮታ ትናንሽ መኪኖች ላይ ኤሌክትሮኒክሱ ከሃይድሮሊኩ ክፍል ጋር ተያይዞ እንደ አንድ ዕቃ ነው የሚሸጠው። የተሰነጠቀው አንድ ብየዳ ሆኖ ሳለ ደንበኛው ደህናውን ፓምፕና ደህናዎቹን ቫልቮች አብሮ ይገዛል። ከዱባይና ከሻርጃ ተፈቶ የሚመጣው ያገለገለ ዕቃም ዋጋው በዚሁ ጣሪያ ሥር ነው የሚተመነው፤ መኪናው ላይ ካልታሰረ ደግሞ መሥራት አለመሥራቱ አይታወቅም። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መከልከሉ ሌላ ክብደት ጨመረበት። አሮጌዋ ቶዮታ ቪትዝ ምትክ የላትምና ማንም በአንድ ሞጁል ምክንያት አይጥላትም፤ ጣሪያው የበለጠ ይወጣል።

ከሁሉ በፊት ግን ሞጁሉ በእርግጥ ተበላሽቷል ወይ? በርካሽ የሚገኘው የኮምፒውተር ምርመራ መሣሪያ የሞተርን ኮድ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ኤቢኤሱ ውስጥ አይገባም። መካኒኩ የማያየውን ሲገምት ከባዱን ዕቃ ይጠራል። የጎማ ፍጥነት የሚለካው ሰንሰር በጭቃ ተሸፍኖ፣ ሽቦው ተበጥሶ ወይም ባትሪው ደክሞ ያው ቢጫ መብራት ይበራል። ለትክክለኛ ምርመራ መክፈል የሚያንገሸግሸን ሕዝብ ነን፤ «ላየበት ብቻ ይህን ያህል?» እንላለን። በዚህ ገበያ ውስጥ ግን ከምርመራ የሚበልጥ ቁጠባ የለም።

መንግሥት የዋጋ ግሽበቱ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 13 እና 14 በመቶ ወርዷል ይላል። ይህን ቁጥር ለመኪና ባለቤት ኑሮ መለኪያ አድርጎ መውሰድ አልችልም። መለኪያው ለዓመታት የቆመው በ2008 ዓ.ም. የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ላይ በተመሠረተ ክብደት ነው፤ ያኔ የነበረው የመኪና ዕድሜም የመለዋወጫ ሁኔታም ዛሬ የለም። ደግሞም ያገለገለ ሞጁል አምና በገዛኸው ዋጋ ዘንድሮ ብትገዛው፣ ግን በስድስት ወሩ ቢሞትብህ፣ የዋጋ መዝጋቢው ምንም አልጨመረም ብሎ ይጽፋል። ኪስህ ግን ሁለት ጊዜ ከፍሏል።

ለጥገናውም መክፈል ያልቻለው ሰው ምን ያደርጋል? መብራቱን ያስነቅላል። ቢጫው ብቻ ከሆነ የተለመደው ፍሬን ይሠራል፤ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚጠብቀው ነው የቀረው። ከቢጫው ጋር ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ሲበራ ግን በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው የኃይል ክፍፍልም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የኋላው ቀድሞ ይቆልፋል። በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ሚኒባስ እንዲህ ሆኖ ማየት አልፈልግም። የመኪና የዓመት ምርመራው አምፖሉ መኖሩንና ቁልፍ ሲከፈት በርቶ መጥፋቱን ማየት አለበት፤ ይህ ደቂቃ አይፈጅም።

ዋጋን በቁጥጥርና በሱቅ እሸጋ ማውረድ እዚህ አይሠራም፤ ጠጋኙ ይደበቃል፣ ጣሪያው ግን እዚያው ነው። የሚሠራው የጠጋኙን ቁጥር ማብዛት ነው፤ የሙያ ኮሌጆች የአውቶ ኤሌክትሪክ ትምህርታቸው ውስጥ የቦርድ ጥገናን ቢያስገቡ፣ ኤቢኤስን የሚያነብ መሣሪያ ቀረጡ ቢቀልለት፣ ጠጋኙም የስድስት ወር ዋስትና በጽሑፍ ቢሰጥ። ዋስትናው ለእሱም ይጠቅመዋል፤ ተጠንቅቆ እንዲሠራ አድርጎት ከአሥር ሰባት የነበረው ጽናት ዘጠኝ ከሆነ ደንበኛው ሊከፍለው የሚችለው ከ140 ወደ 180 ብር ይወጣልና። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። አሁን የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ኤቢኤስ አላቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ሞጁሉ ከመኪናው ሶፍትዌር ጋር ተሳስሮ ያለ አምራቹ ኮድ አይነሣም። የማስመጣት ፈቃድ ሲሰጥ የጥገና ሶፍትዌሩ ለአገር ውስጥ ጋራዦች እንዲከፈት በውል ካልተጠየቀ፣ ብየዳ የሚችለው ሰው ቢኖርም በሩ ይዘጋበታል።