የልጃችን ቅልጥም ሲሰበር

አብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ሰውነታቸው አነስተኛ፣ ቅልጥማቸውም ቀጭን ነበር። አንድ ቀን ከአራክ ዛፍ ላይ መፋቂያ ሲቆርጡ ነፋስ ልብሳቸውን ገለጠውና የቅልጥማቸው ቅጥነት ታየ፤ ሶሐቦችም ሳቁ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሳቃቸውን ምክንያት ጠይቀው ከሰሙ በኋላ እነዚያ ሁለት ቅልጥሞች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ ይበልጥ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። ይህንን ኢማም አሕመድ ዘግበውታል።

ሐዲሱ የሚያስተምረው ስለ ኢማን ክብደት እንጂ ስለ አጥንትና ስለ ጡንቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። ሆኖም ስለ ቅልጥም ለመጻፍ ስንነሳ ቀድሞ ትዝ ያለን እርሱ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ቀጭን የሚመስለው የእግራችን ክፍል በውስጡ ምን እንደያዘ ባለማወቅ በየዓመቱ እግራቸውን የሚያጡ ልጆች አሉ።

ከጭን ጀምረን ብንቆጥር በአንድ እግር ውስጥ 30 አጥንቶች አሉ። የጭን አጥንት አንድ ነው፤ በሰውነታችን ካሉት አጥንቶች ሁሉ ረጅሙና ጠንካራው እርሱ ሲሆን ርዝመቱ የሰውየውን ቁመት ሩብ ያህል ይሆናል። ሌላው አንድ የጉልበት ሎሚ ነው። ከጉልበት በታች ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ የቀሩት 26ቱ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት በታች እስከ ጣቶች ጫፍ ተደርድረው ይገኛሉ። ሱብሃነላህ! ከመላው የአካላችን 206 አጥንቶች ሩብ የሚሆኑት ጫማ ውስጥ ነው ያሉት።

ከጉልበት በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች ወፍራሙ በውስጥ በኩል ሆኖ የሰውነትን ክብደት ከጉልበት ተቀብሎ ለቁርጭምጭሚት ያስረክባል። ቀጭኑ በውጭ በኩል ነው፤ እምብዛም ክብደት አይሸከምም፣ ጡንቻዎችን ይይዛል፣ ቁርጭምጭሚትንም ይደግፋል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ 6ኛ አንቀጽ እግሮቻችንን እስከ ቁርጭምጭሚት እንድናጥብ አዝዞናል። ግራና ቀኝ ጎላ ብለው የሚታዩት ጉብታዎች የእነዚህ የሁለቱ አጥንቶች ጫፎች ናቸው፤ የውስጠኛው የወፍራሙ፣ የውጭኛው የቀጭኑ። ውዱእ ስናደርግ ከውስጠኛው ጉብታ ጀርባ ጣታችንን ቀስ አድርገን ብናሳርፍ የደም ሥር ትርታ ይሰማናል።

ያ ደም ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው እዚያ የደረሰው። ከልብ ተነስቶ በብሽሽት በኩል ወደ ጭን ይገባል፤ ከጉልበት ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ቦታ አልፎ ከዚያ በታች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይከፋፈላል። ለመመለስ ደግሞ ሽቅብ መውጣት አለበት። በዚህ ጊዜ የሚያግዘው ባታችን ነው፤ በተራመድን ቁጥር የባት ጡንቻ የደም መልስ ሥሮችን እየጨመቀ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፣ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ መዝጊያዎችም ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዙታል። ባትን ሁለተኛው ልብ የሚሉት ለዚህ ነው።

ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎች በአራት ክፍሎች ተመድበው እያንዳንዱ ክፍል በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሏል። በእነዚሁ ክፍሎች ውስጥ የደም ሥሮችና ነርቮች ያልፋሉ። ሽፋኑ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም። አጥንት ሲሰበር ውስጥ ለውስጥ ደም ይፈሳል፣ ጡንቻውም ያብጣል፤ ሽፋኑ ቦታ ስለማይሰጥ ግፊቱ ይጨምርና ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ደም ያጣ ጡንቻ ስድስት ሰዓት ገደማ ካለፈው በኋላ ዳግም የመዳን ተስፋው የመነመነ ነው። እንግዲህ በዚህ እብጠት ላይ ከውጭ ቀርከሃ ተደርድሮ በጨርቅና በገመድ ሲጠፈር ምን እንደሚሆን አስቡት።

ወጌሻዎቻችንን ለመንቀፍ አልተነሳንም። በየሰፈሩ በእኩለ ሌሊት የሚነሱ፣ ለአላህ ብዬ ነው እያሉ ክፍያ የማይቀበሉ አባቶችና እናቶች አሉ፤ አላህ ይመንዳቸው። የልጅ አጥንትም አላህ በሰጠው ተፈጥሮ ቶሎ ይጋጠማል፤ ብዙ ጊዜ በማይጠብቅ እስር ብቻ ይድናል። ችግሩ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እያለቀሰ «አጥንቱ እየገጠመ ስለሆነ ነው፣ ቻል አድርግ» የሚባል ጊዜ ነው። እንደ እኛ እምነት ከዚህ ንግግር የበለጠ እግር ያስቆረጠ ነገር የለም። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ሲጠቁሩ ሥጋው ሞቷል፤ ሐኪሞች ጋንግሪን የሚሉት ይህ ነው። ያኔ ሕይወትን ለማትረፍ የቀረው መንገድ መቁረጥ ነው።

አጥብቆ ማሰር አደገኛ መሆኑ አዲስ ግኝት አይደለም። ከ980 እስከ 1037 የኖረው ኢብን ሲና አል-ቃኑን በተባለው መጽሐፉ ለተሰበረ አጥንት ወዲያውኑ ሳንቃ ማሰር እንደማይገባ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እስኪያልፉ መጠበቅ እንደሚሻል መክሯል። በሀገራችንም ለወጌሻዎች የአንድ ቀን ትምህርት በተሰጠበት አካባቢ ከዚያ ወዲህ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር እንደቀነሰ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። አንድ ቀን ብቻ! መስጊዶቻችን እንዲህ ያለውን ትምህርት ከጁሙዓ በኋላ ማዘጋጀት አይከብዳቸውም።

የመዲናው ታላቅ ዓሊም ዑርወህ ኢብን ዙበይር ወደ ኸሊፋው ወሊድ ዘንድ ሲጓዙ እግራቸውን በሽታ በላው፤ ሽቅብ እንዳይዛመትም ተቆረጠ። አእምሮ የሚያደነዝዝ መጠጥ ቢቀርብላቸው አልቀበልም ማለታቸውን፣ ከአራቱ እጅና እግራቸው ሦስቱ ስለቀሩላቸውም አላህን ማመስገናቸውን የታሪክ መጻሕፍት ያወሳሉ። በሚንበር ላይ ስለ ሰብራቸው ብዙ ሰምተናል። የዑርወህ በሽታ በዘመኑ ሐኪም የሚያስመልሰው አልነበረም፤ ዛሬ በጠበቀ ገመድ የሚመጣው ግን ገመዱን በማላላት የሚቀር ነው። ሰብር ሌላ፣ ቸልተኝነት ሌላ።

ስለዚህ ልጅ ወድቆ ቅልጥሙ ቢሰበር እግሩን ሳያሹና ሳይጎትቱ፣ ከጎኑ ጣውላ ወይም የተጠቀለለ ልብስ አስደግፎ ጣት በሚያስገባ ልቅ ጨርቅ ማሰርና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። ቆዳው ከተቀደደና አጥንቱ ከታየ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ ግዴታ ነው። በወጌሻም ይሁን በሐኪም ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ሁልጊዜ ክፍት ሆነው መታየት አለባቸው። ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ፣ የእግሩን ጣቶች ቀስ አድርገን ስናቃና ልጁ ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ እስሩን በዚያችው ሰዓት ፈትቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። የደም ሥሩ ትርታ ስላለ ብቻ መዘናጋት አይገባም፤ ትርታው እያለም ጡንቻው በውስጥ ሊታፈን ይችላልና።

እግሩ በጀሶ የታሰረ ሰው ስለ ሶላቱ ይጠይቃል። መቆም ካልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ካልቻለ በጎኑ ተኝቶ ይሰግዳል፤ ለዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ.) የተሰጠው መመሪያ ይኸው ነው። ውዱእ ሲያደርግም ብዙኃኑ ዑለማዎች እንዳሉት ውኃው የሚጎዳው ከሆነ ጀሶው ላይ በእርጥብ እጁ ያብሳል። ከጀሶው ውጭ የቀሩት ጣቶች ግን፣ ቁስል ከሌለባቸው፣ ጀሶው እንዳይርስ ተጠንቅቆ ይታጠባሉ፤ እናትም በዚያው አጋጣሚ ቀለማቸውንና ሙቀታቸውን በቀን አምስት ጊዜ ታያለች።