ሚያስማ፦ የአየር እድፍ፣ የሰው እድፍ

ተወልጄ ያደግሁበትን አካባቢ የጉለሌ ሰው «ፓስተር» ይለዋል። ስሙ በ1940ዎቹ ዓ.ም. እዚያ ከተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት የመጣ ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማለት ነው። ሉዊ ፓስተርና የዘመኑ ተመራማሪዎች ከሻሯቸው እምነቶች አንዱን ግሪኮች በአንድ ቃል ይጠሩታል፦ ሚያስማ።

ቃሉ የወጣው «ሚያይኖ» ከሚለው ግስ ነው፤ ማሳደፍ፣ ማርከስ ማለት ነው። ሚያስማ እድፍ ነው፤ ግን በእንዶድ አይለቅም። ነፍስ ያጠፋ ሰው ሚያስማ አለበት፤ በሥርዓት ካልነጻ እድፉ ቤተሰቡን ያዳርስና ወደ ከተማው ይሻገራል። በሶፎክለስ ተውኔት የቴብስ ሕዝብ በቸነፈር የሚያልቀው በተገደለው ንጉሥ ደም ነው። በሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት ምዕራፍ 2፣ ቁጥር 20 ላይ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ርኵሰት» የሚለውም በግሪኩ ይኸው ቃል ነው።

ኋላ ሐኪሞች ወሰዱት። በሂፖክራተስ ስም ከቆዩት ጽሑፎች አንዱ የወረርሽኝን መነሻ አየሩን ባሳደፈ ሚያስማ ያመካኛል። አውሮፓም እስከ 19ኛው መቶ ዘመን የረግረግ ሽታ ይገድላል ብላ ኖረች፤ «ማላሪያ» የሚለው የጣሊያን ቃል ራሱ መጥፎ አየር ማለት ነው። የእኛም ደገኛ ቆላ ወርዶ ንዳድ ሲይዘው የሚወቅሰው አየሩን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ላቬራን የተባለ ሐኪም አልጄሪያ ላይ የወባውን ተሕዋስ በሰው ደም ውስጥ አየ፤ በ1897 ሮስ የተባለ ሌላ ሐኪም ሕንድ ላይ ከትንኝ ሆድ አገኘው። ማወቅ ብቻውን ግን አላዳነንም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ በአገራችን 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ተገምቷል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የቃሉ የጥንት ፍቺ እስካሁን አለመሞቱ ነው። በልጅነቴ «ጴጥሮስ ተኛ» የሚባለው በሹክሹክታ ነበር። የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የቲቢ ሕሙማን መታከሚያ ስለነበር ከዚያ የወጣ ሰው ድኖም ስኒው ይለያል፣ ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቅ ያመነታል። እድፉ ቤተሰቡን ሁሉ ይነካ ነበር።

ቲቢ በስኒ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በአየር ነው፤ ሕመምተኛው ሲያስል የሚወጣው ተሕዋስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሊንሳፈፍ ይችላል። ስኒ መለየት ማንንም አይጠብቅም፣ መስኮት መክፈት ይጠብቃል። ከሽሮ ሜዳ በሚወርደው ታክሲ ግን አንዱ መስኮቱን ገርበብ ሲያደርግ «ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ልታስመታን ነው?» የሚለው ድምፅ ይበዛል።

እባካችሁ ክፈቱት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ዘመድ ያላችሁም አትደብቁት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።