ዝናብ በማይዘንብበት አገር የሚያፈስ ቤት

አል አይን ከተማ፣ አል ቶዋያን በመሰለ ሰፈር፣ ከግቢ አጥር ሥር የቆመ አሮጌ ካራቫን ወራት ሙሉ ጠብታ ዝናብ ሳይነካው ሊከርም ይችላል። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በዓመት በአማካይ የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ የዚህን አሥር እጥፍ ያህል ታገኛለች። ስለዚህ ካራቫን ገዢው ስለ ጎማውና ስለ ኤሲው ይጠይቃል እንጂ ስለ ጣሪያው ማን ይጠይቃል? ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን በዚያው በአል አይን፣ ኸትም አል ሸክላ በተባለው ስፍራ፣ 24 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። በአገሪቱ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከታዩት ከፍተኛ ዝናቦች አንዱ ነው። የሁለት ዓመት ተኩል ዝናብ በአንድ ቀን ማለት ነው። በዚያ ቀን ጣሪያው ያፈሰሰበት ሁሉ ዝናቡን ረገመ፤ ቀዳዳውን ግን ፀሐይ አስቀድማ ከፍታው ነበር።

ካራቫን ከውጭ ሲያዩት ብረት ለበስ ይመስላል፤ አጥንቱ ግን እንጨት ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ ካራቫኖች ግድግዳው ከውጭ ስስ አሉሚኒየም፣ ከመሃል ቀጫጭን ሞራሌና ፎም፣ ከውስጥ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበት ጠርዝ በማስቲሽ ይደፈናል፤ በላዩ የአሉሚኒየም ዘንግ ተደርጎ በቪቴ ይጠበቃል። አሁን ሂሳቡን እንሥራ። አሉሚኒየም ሲግል ይረዝማል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ከንጋት እስከ ቀትር በ50 ዲግሪ ቢግል፣ 6 ሜትር የነበረው 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል፣ ማታ ተመልሶ ያጥራል። እንጨቱ ይህን ያህል አይከተለውም። መሃል ላይ የተያዘው ማስቲሽ በየቀኑ ሲሳብና ሲጨመቅ፣ ከላይ ደግሞ በፀሐይ ሲጠበስ፣ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከፀጉር የማይወፍር ሊሆን ይችላል፤ ለውሃ ግን ይበቃዋል።

ውሃው የገባበትና የሚታይበት ቦታ አንድ አይደለም። በጣሪያው የአየር መስኮት ዙሪያ ገብቶ፣ ሞራሌውን ይዞ ወርዶ፣ አልጋው ሥር ባለው ማዕዘን ብቅ ይላል። ስለዚህ ፍለጋው እድፉ ካለበት ተነስቶ ወደ ላይ ነው። ቁም ሣጥኑን ባዶ አድርጉ፣ ፍራሹን አንሱ፣ ማዕዘኖቹን በአውራ ጣት ተጫኑ። ኮምፔንሳቶው ከላላ፣ ሻጋታ ነጠብጣብ ከጣለ፣ ቤቱ ተዘግቶ ሲከፈት የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ፣ ጥርጣሬው በቂ ነው። ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያም አለ፤ በእንጨት ላይ ከ15 በመቶ በታች ሲያሳይ ደህና፣ ከ20 በላይ ሲሆን አሳሳቢ፣ 30 አካባቢ ሲደርስ መበስበስ አይቀርም። ነገር ግን በአል አይን የሙቀት ወራት ይህ መሣሪያ ሊያታልል ይችላል። በዝናቡ ጊዜ በስብሶ የነበረ እንጨት በሐምሌ ሙቀት ደርቆ ይጠብቃችኋል፤ መለኪያው «ደህና ነው» ይላል፣ እንጨቱ ግን በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። እኔ ከመርፌው ይልቅ አውራ ጣትን አምናለሁ።

ቀዳዳውን ለማግኘት ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። በሩን፣ መስኮቱንና የአየር ማስገቢያውን ዝጉ፣ አንድ ክፍተት ብቻ ትታችሁ በእሱ በኩል በማራገቢያ ወደ ውስጥ አየር ንፉ፤ ከውጭ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ የሚያወጣው ቦታ ጥፋተኛው ነው።

ዝናብ ሳይኖር የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ኤሲውን ጠይቁ። ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ኤሲ ከቀዘቀዘው አየር የሚያወጣው ውሃ መውጫ አለው፤ መውጫው በአቧራ ከተደፈነ ወይም የሥሩ ጎማ ከደረቀ ውሃው ወደ ቤት ይመለሳል። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ የውሃው ፓምፕ በራሱ ከተነሳ ደግሞ መስመሩ ነው የሚያፈሰው።

ከሁሉም የከፋው ጥገና በጣም የተለመደው ነው፤ በስንጥቁ ላይ ሲሊኮን መለቅለቅ። ውስጥ የገባው ውሃ ይታፈናል፣ በኋላም በሲሊኮኑ ቅሪት ላይ ሌላ ማስቲሽ አልያዝ ይላል። ትክክለኛው ሥራ ዘንጉን ፈትቶ፣ አሮጌውን ማስቲሽ ፍቆ፣ የበሰበሰውን ሞራሌ ቆርጦ መተካት ነው። ከዚያ ማድረቅ። እዚህ ላይ በረሃው ይክሳል፤ እንግሊዝ አገር ሳምንታት የሚፈጀው ማድረቅ በአል አይን መስኮት ከፍቶ በጣም ባጠረ ጊዜ ያልቃል። በመጨረሻ አዲስ የቡቲል ማስቲሽ ተነጥፎ ዘንጉ በማይዝግ ቪቴ ይመለሳል። ግድግዳ ከመክፈታችሁ በፊት ኤሌክትሪኩን ከምንጩ አቋርጡ፤ ሽቦው በዚያው እንጨት መሃል ነው የሚያልፈው።

በኤምሬቶች «ካራቫን» የሚባለው ጎማ ያለው ብቻ አይደለም፤ በእርሻና በግንባታ ቦታ ለጥበቃና ለሠራተኛ የሚቆመው ተገጣጣሚ ክፍልም ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል የምታድሩ ወገኖች፣ እድፉን ፎቶ አንሥታችሁ ለአሠሪ አሳዩ፤ በተለይ ሶኬት አጠገብ ከሆነ ነገ አትበሉ። አሮጌ ካራቫን ልትገዙ ከሆነ ደግሞ በሩ ሥር ያለውን ወለል ርገጡት። ከእግራችሁ ሥር ከሰመጠ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙ።