የዲስክ ፈርምዌር ሲሳሳት፦ ኮምፒውተር መረጃን ከራሱ ዲስክ እንዴት ይጠብቃል?

በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ፣ ነጭ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ኒሙሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በሚገኘው ሸሪካት፣ የሱቁን ሒሳብና የደንበኞቹን ዱቤ በላፕቶፕ የሚመዘግብ ነጋዴ የኤሌክትሪክ መቋረጥን ሳይሰጋ አይቀርም። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ አደጋ ግን አለ። መረጃውን የያዘው ዲስክ የሚሠራበት ፕሮግራም ራሱ ስሕተት ሊኖርበት ይችላል።

ይህ ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ስሕተቱ ሲገለጥ ኮምፒውተሩ በድንገት ይቆማል፣ ፋይሎች ይበላሻሉ፣ አንዳንዴም ዲስኩ ጨርሶ አይታይም። ባለቤቱ ቫይረስ ገባ ወይም ዲስኩ ተቃጠለ ብሎ ሊያስብ ይችላል። የዲስኩ አካል ግን ምንም ሳይነካው፣ ያሳሳተው በውስጡ የተጻፈው መመሪያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ፈርምዌር ምን ይሠራል?

ዘመናዊ ዲስክ መረጃ የሚቀመጥበት ሣጥን ብቻ አይደለም። የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በተለይ ኤስኤስዲ በሚባሉት ዲስኮች ውስጥ ፈርምዌሩ የትኛው መረጃ የት እንደተቀመጠ የሚያሳየውን ካርታ ይይዛል፤ ያረጁ ክፍሎችን በሌሎች ይተካል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝም ኃይል ለመቆጠብ ዲስኩን ያስተኛል።

ዊንዶውስም ሆነ ሊነክስ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገሩት ድራይቨር በተባለው ክፍላቸው በኩል ነው። ድራይቨሩ «ይህን ጻፍ» ብሎ ያዝዛል፤ ዲስኩም «ጽፌያለሁ» ብሎ ይመልሳል። ድራይቨሩ ወደ ዲስኩ ውስጥ ገብቶ ማጣራት ስለማይችል የዲስኩን ቃል ከማመን ሌላ አማራጭ የለውም። ችግሩ የሚጀምረውም ያ ቃል ሲሳሳት ነው።

በሰዓት የተቆረጠ ዕድሜ

እአአ በኅዳር 2019 ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ የተባለው ኩባንያ አስደንጋጭ ማሳሰቢያ አወጣ። ለሰርቨሮች ከሸጣቸው ኤስኤስዲዎች አንዳንዶቹ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ ይሞታሉ አለ። ይህም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት መሆኑ ነው። ፈርምዌሩ አስቀድሞ ካልታደሰ ዲስኩም ሆነ በውስጡ ያለው መረጃ እንደማይመለስ አስታወቀ። በመጋቢት 2020 ደግሞ በ40,000 ሰዓት ስለሚቆሙ ሌሎች ዲስኮች ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጠ።

የመጀመሪያው ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይመስልም። አሉታዊ ቁጥርንም በሚያስተናግድ የ16 ቢት ቆጣሪ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። ከዚያ አንድ ሲጨመር ቆጣሪው ሞልቶ ወደ አሉታዊ ቁጥር ይገለበጣል።

ክሩሻል ኤም4 የተባለው ዲስክ እአአ በ2012 መጀመሪያ በታወቀ እክል ምክንያት 5,184 ሰዓት ከሠራ በኋላ በየአንድ ሰዓቱ ይቆም ነበር። ኢንቴል 320 ደግሞ በ2011፣ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ፣ በአንዳንድ ሁኔታዎች መጠኑን 8 ሜጋባይት ብቻ አድርጎ ያሳይ ነበር። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ከተማ እንዲህ ያለው እክል ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም። ሁለቱም አምራቾች እክሉን የሚያርም ፈርምዌር አውጥተዋል።

የአመል መዝገብ

አምራቹ ማስተካከያ እስኪያወጣ ድረስ፣ ካወጣም በኋላ ተጠቃሚው እስኪጭነው ድረስ፣ መከላከሉ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ይወድቃል። «አመል ያወጣል ከመሐል» እንደሚባለው፣ የሊነክስ አዘጋጆችም ከሌሎቹ የተለየ አመል ያላቸውን ዲስኮች ለይተው ይመዘግባሉ። ዲስኩ ሲሰካ ድራይቨሩ የሞዴል ስሙን፣ አንዳንዴም የፈርምዌሩን ቁጥር ይጠይቃል። ስሙ በመዝገቡ ውስጥ ከተገኘ ችግር የሚፈጥረውን ትእዛዝ ከመላክ ይቆጠባል።

ለምሳሌ ኪንግስተን ኤ2000 የተባሉ አንዳንድ ዲስኮች በጥልቅ የእንቅልፍ ደረጃ ውስጥ ገብተው መንቃት ይሳናቸው ነበር። ኮምፒውተሩም ይቆማል፤ ዲስኩን ለመመለስ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ያስፈልጋል። የሊነክስ አዘጋጆች እአአ በ2021 መጀመሪያ ዲስኩ ወደዚያ ጥልቅ ደረጃ እንዳይገባ የሚከለክል መመሪያ አስገቡ። ዲስኩ ጥቂት ተጨማሪ ኃይል ይወስዳል፤ መረጃው ግን ይተርፋል። እንዲህ ያለው መላ ሁልጊዜም ዋጋ አለው፤ ከፍጥነት ወይም ከባትሪ ጥቂት ተቀንሶ ደኅንነት ይገዛል።

ጥፋቱ የማን ነው?

ይሁን እንጂ ጣትን በዲስኩ ላይ ለመቀሰር መቸኮል ያሳስታል። እአአ በ2015 አልጎሊያ የተባለ ኩባንያ በሰርቨሮቹ ላይ ፋይሎች መበላሸታቸውን አይቶ፣ የተሰረዙ ፋይሎችን ቦታ የሚያስለቅቀውን ትራም የተባለ ትእዛዝ የሳምሰንግ ዲስኮች በትክክል እንደማይፈጽሙ ጠረጠረ። የሳምሰንግ መሐንዲሶች ሲመረምሩ ግን ስሕተቱ የተገኘው በራሱ በሊነክስ ውስጥ፣ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራው ክፍል ነበር። ማረሚያውንም እነርሱው አቀረቡ።

አንዳንዴ ደግሞ ተሰውሮ የቆየ ድክመት በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መለወጥ ሳቢያ ይጋለጣል። እአአ በ2024 መጨረሻ ዊንዶውስ 11 ወደ 24ኤች2 ሲሸጋገር፣ ኤስኤን770 እና ኤስኤን580 የተባሉ የዌስተርን ዲጂታል ዲስኮች የገጠሙላቸው አንዳንድ ኮምፒውተሮች በሰማያዊ ስክሪን መቆም ጀመሩ። እነዚህ ዲስኮች ከኮምፒውተሩ ማስታወሻ የተወሰነውን ተውሰው ይሠራሉ። ዊንዶውስ ቀድሞ ከሚሰጠው 64 ሜጋባይት ወደ 200 ሲያሳድገው ፈርምዌሩ አልቻለም። መፍትሔው የመጣው ዌስተርን ዲጂታል ባወጣው አዲስ ፈርምዌር ነው።

መዝገቡ የማይደርስበት ቦታ

የአመል መዝገብ የሚሠራው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው። አንደኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መታደስ አለበት። ኢንተርኔት ውድ ነው ተብሎ ለዓመታት ያልታደሰ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ወዲህ የተመዘገበውን አያውቅም። ሁለተኛ ዲስኩ እውነተኛ ስሙን መናገር አለበት። በታዋቂ ስም የተሸጠ አስመስሎ የተሠራ ዲስክ በየትኛው አመል እንደሚመዘገብ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛ ሰው አስቀድሞ የዲስኩን ሞዴልና የፈርምዌር ቁጥር አይቶ ከአምራቹ ድረ ገጽ ጋር ቢያመሳክር ይጠቀማል። አዲስ ፈርምዌር መጫን ካስፈለገ በቅድሚያ መረጃውን ወደ ሌላ ቦታ መቅዳት፣ ባትሪውን መሙላትና ጄኔሬተሩ በማይቋረጥበት ሰዓት መጀመር ይገባል። በእድሳቱ መካከል ኃይል ከጠፋ ዲስኩ ዳግም ላይነሣ ይችላልና።

ከሁሉም በላይ የመጠባበቂያ ቅጂው አያያዝ ወሳኝ ነው። በሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ዲስኮች የታየው አደጋ ከባድ የነበረው፣ በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ዲስኮች ሰዓታቸው አብሮ ስለሚሞላ በተቀራረበ ጊዜ ሊሞቱ በመቻላቸው ነው። በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት ተመሳሳይ ዲስኮች አንዱ ለሌላው ዋስ አይሆኑም። ሒሳቡን፣ የልጆቹን ፎቶግራፍ ወይም የትምህርት ማስረጃውን በዲስክ የሚያስቀምጥ ሰው ቅጂውን በሌላ አምራች ዲስክ ላይ ቢይዝ፣ የአንዱ ፈርምዌር ስሕተት ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያጠፋበትም።