ወንበሩን ማን ይረከብ?

የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሊቀ መንበር ሬጅናልድ ጆንስ ጡረታቸው ሲቃረብ ከፍተኛ ሹማምንታቸውን አንድ በአንድ ቢሮ እያስጠሩ፣ በር ዘግተው፣ ለጆሮ የሚከብድ ጥያቄ ያቀርቡ ነበር። እኔና አንተ በኩባንያው አውሮፕላን ስንበር ተከሰከስን እንበል፤ ሁለታችንም አልተረፍንም፤ ማን ይተካኝ? የተጠራው ሰው ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። የባልደረቦቹን ጠንካራና ደካማ ጎን፣ ማን ከማን ጋር እንደማይዋደድ ሳይቀር እዚያው ይዘረግፋል። ከወራት በኋላ ሁለተኛው ዙር ይመጣል። አውሮፕላኑ አሁንም ይወድቃል፤ የሚሞቱት ግን ጆንስ ብቻ ናቸው። በዚህኛው ዙር ራስን መጠቆምም ይቻላል።

ፍለጋው እ.ኤ.አ. በ1974 ተጀምሮ በ1980 ማብቂያ ተቋጨ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለአንድ ወንበር ስድስት ዓመት ያህል! ነገሥታት እንኳ ለአልጋ ወራሽ እንዲህ አልተጨነቁም። አሸናፊው ጃክ ዌልች ሲሆኑ፣ በ1981 ሥልጣኑን ተረከቡ።

ኩባንያው ይህን ሁሉ ጣጣ የሚችለው ሰው ስለማያጣ ነበር። ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን፣ በሀድሰን ወንዝ አጠገብ፣ ኦሲኒንግ በምትባል ከተማ ክሮተንቪል የተሰኘ የራሱ የሥራ መሪዎች ትምህርት ቤት ነበረው። የተከፈተው በ1956 በራልፍ ኮርዲነር ዘመን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኮርስ 13 ሳምንት ይፈጅ ነበር። ዌልች በሄሊኮፕተር እየመጡ፣ ሠራተኛው «ጉድጓዱ» ብሎ በሰየመው ወደ ታች ተዳፋት በሆነ አዳራሽ መሀል ቆመው፣ ከወጣት ሹማምንት ጋር ሲከራከሩ ይውሉ ነበር። ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሠራተኛ በተሰናበተባቸው ዓመታት ለክሮተንቪል ሕንፃዎች ግን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ፈሷል። «ኒውትሮን ጃክ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸውም ያኔ ነው፤ ሰዉን ጨርሶ ሕንፃውን የሚተው ቦምብ አለና።

ይሁንና ሰው የሚሠራው በአዳራሹ አልነበረም። ዋናው ትምህርት ቤት ምደባው ነበር። በየዓመቱ በጸደይ ወራት ዌልችና የሰው ኃይል ኃላፊያቸው በየዘርፉ እየዞሩ፣ የእያንዳንዱን ሹም ዶሴ ገልጠው ማን ይደግ፣ ማን ይዛወር፣ ማን ይውጣ እያሉ ሲሟገቱ ይውሉ ነበር። ሃያ ከመቶው ምርጥ፣ ሰባ ከመቶው የሥራው ምሰሶ፣ አሥር ከመቶው ተሰናባች ነበር። ተስፋ የተጣለበት ሰው ደግሞ ሆን ተብሎ ከለመደው ሥራ ተነቅሎ እሳት ውስጥ ይጣል ነበር። በፕላስቲክ ዘርፍ ያደጉት ጄፍ ኢመልት በ1989 ወደ ቤት ዕቃዎች ዘርፍ የተላኩት የማቀዝቀዣዎች ኮምፕረሰር በገፍ እየተበላሸ ኩባንያው በየደንበኛው ቤት እየሄደ በሚቀይርበት ሰዓት ነበር። እንዲህ ያለውን ፈተና የትኛውም ኮርስ አይሰጥም።

ዌልች በተራቸው ሲሰናበቱ ሦስት ዕጩዎች ቀርተው ነበር፤ ኢመልት፣ ጂም ማክነርኒና ቦብ ናርዴሊ። በኅዳር 2000 ምርጫው በኢመልት ላይ ጸና። ዌልች እሁድ ዕለት ወደ ሲንሲናቲ በረው ለማክነርኒ፣ ከዚያ ወደ ኦልባኒ በረው ለናርዴሊ፣ ፊት ለፊት መርዶውን ነገሩ። ለሦስቱም ተተኪ አስቀድሞ ተሹሞ ስለነበር የተሸነፉት የሚመለሱበት ወንበር አልነበረም። ቀናት ሳይቆጠሩ ናርዴሊን ሆም ዲፖ፣ ማክነርኒን ስሪ ኤም ወሰዷቸው። የክሮተንቪል ልጅ ማግኘት ያኔ እንደ ሎተሪ ይታይ ነበር።

ሎተሪው ግን ለሁሉም አልወጣም። ናርዴሊ ከሆም ዲፖ በ2007 ሲወጡ ባለአክሲዮኑን ያስቆጣ 210 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይዘው ነበር፤ ቀጥሎ የያዙት ክራይስለር በ2009 ኪሳራ አወጀ። ኢመልት የተረከቡት ጄኔራል ኤሌክትሪክም በ2018 ከዳው ጆንስ የአክሲዮን ዝርዝር ወጣ፤ በዚያው ዓመት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ላሪ ከልፕ የተባሉ መሪ አመጣ። ከልፕ ኩባንያውን ሦስት ቦታ ከፈሉት። ክሮተንቪልም በ2024 ተሸጠ።

እኛን የሚነካን የማክነርኒ መንገድ ነው። በ2005 የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት ወንበሩ ላይ የነበሩት ሃሪ ስቶንሳይፈርም በጄኔራል ኤሌክትሪክ ያደጉ ናቸው። በ2020 የመጡት ዴቭ ካልሁንም እንዲሁ፤ እንዲያውም በ2000 በአውሮፕላን ሞተር ዘርፍ ለማክነርኒ ተተኪ ሆነው የተሾሙት እርሳቸው ነበሩ። ከ2003 ማብቂያ እስከ 2024 ቦይንግን በቋሚነት ከመሩት አራት ሰዎች ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

በ2011 ክረምት አሜሪካን ኤርላይንስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርባሶችን ሊያዝ መሆኑ ሲሰማ፣ ቦይንግ ሲያስብበት የነበረውን አዲስ አውሮፕላን ትቶ በአሮጌው 737 ላይ ትልቅ ሞተር ለመግጠም ወሰነ። ወጪው ያነሰ፣ ጊዜው ያጠረ ነው፤ አብራሪው አዲስ የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልገውም መባሉም ለገዢ ትልቅ ማባበያ ሆነ። ሞተሩ የአውሮፕላኑን ጠባይ ስለለወጠው አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ሶፍትዌር ተጨመረ፤ አብራሪዎች ስለመኖሩ አልተነገራቸውም። በጥቅምት 2018 በኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አውሮፕላን ላይ 189 ሰዎች፣ መጋቢት 10 ቀን 2019 ደግሞ ከቦሌ በተነሳ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ላይ 157 ሰዎች አለቁ። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ሪፖርት ካነሳቸው ምክንያቶች አንዱ ከኤርባስ ጋር ለመፎካከር የተደረገው የጊዜና የወጪ ጫና ነው።

ታዲያ ጥፋቱን ሁሉ በክሮተንቪል ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። አደጋዎቹ ሲደርሱ ቦይንግን ይመሩ የነበሩት ዴኒስ ሙይለንበርግ መሐንዲስ ናቸው፤ በ1985 በተለማማጅነት ገብተው እዚያው ያደጉ የቤት ልጅ። ከሥር ማደጋቸውም መሐንዲስነታቸውም አላዳናቸውም፤ በ2019 ማብቂያ ተባረሩ። እኔን የሚያሳምነኝ ነገር ሌላ ነው። ሹም የሚማረው ያደገው ማን እንደሆነና የተባረረው ማን እንደሆነ አይቶ ነው። የሩብ ዓመት ቁጥር ያሟላ ሲሾም፣ ቀነ ገደብ ያስረዘመ ሲገፋ ሃያ ዓመት ሙሉ ያየ ሰው፣ ወንበሩ ሲደርሰው የሚያውቀው ያንኑ ነው። መሐንዲስ ቢሆንም፣ ነጋዴ ቢሆንም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድም ተተኪ ያሳደገው ረጅም ጊዜ ወስዶ ነው። በ1945 ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር ውል ሲፈርም አመራሩ የውጭ ሰው ነበር፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የተሾሙት በ1971 ነው። አቶ ተወልደ ገብረማርያም በጭነት ክፍል ጀምረው፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በኒውዮርክ ቢሮዎች አልፈው በ2011 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። በ2022 በጤና ምክንያት ሲለቁ የተተኳቸው አቶ መስፍን ጣሰው በ1984 በመሐንዲስነት የተቀጠሩ ናቸው። ከመሾማቸው በፊት ዋና የኦፕሬሽን ኃላፊ ሆነው ሠርተው፣ ከዚያም ሎሜ ያለውን አስካይ አየር መንገድ እንዲመሩ ተልከው ነበር። ኢመልትን ወደ ማቀዝቀዣ የላከው አሠራር በእኛም ቤት አለ፤ ራቅ ያለ ቢሮ፣ የራስ ገቢና ወጪ፣ ስህተት ቢፈጠር የሚሸፍን አለቃ የሌለበት።

የመንግሥት ንብረት መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ የቦርዱ ሹመት በአየር መንገዱ ግቢ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ከዚያ የሚብሰው ችግር ግን ያለው ከመሀል ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተቀጠረው ትውልድ ጡረታ ደጃፍ ላይ ነው። ከሥሩ ያለው፣ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሠራው ቴክኒሻንና አብራሪ የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች በዶላር የሚፈልጉት ሰው ነው። አዲስ ምልምል ከአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ይወጣል፤ አርባና አርባ አምስት ዓመት የሆነው፣ ነገ ዘርፍ የሚረከበው ሰው ዶሃና ዱባይ ከገባ ግን የእርሱን ልምድ መልሶ ለማፍራት ሌላ አሥራ አምስት ዓመት ይፈጃል።