ያለፈውን የዕረፍት ጊዜ በፊንላንድኛ መጻፍ፦ አማርኛ የሚያግዝበትና የሚያደናቅፍበት ቦታ

እንበልና ፊንላንድ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ለዜግነት ለማመልከት የቋንቋ ማስረጃ ያስፈልግዎታል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ይህን ማስረጃ የሚያገኘው «ዩኪ» በሚባለው ብሔራዊ የቋንቋ ፈተና ነው። ፈተናው ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጣል፤ ለዜግነት የሚጠየቀው 3 ነው። ታዲያ ለዚህ ደረጃ የሚዘጋጅ ሰው ደጋግሞ ከሚለማመዳቸው የጽሑፍ ሥራዎች አንዱ «ባለፈው የዕረፍት ጊዜዎ ምን አደረጉ?» የሚለው ነው።

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ግን አስቡት፦ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋር፣ በምን ሄዱ፣ ምን ገዙ፣ ምን ሳይሳካ ቀረ፣ እንዴት አገኙት? ይህን ሁሉ ለመመለስ ኃላፊ ጊዜ፣ አሉታ፣ የቦታና የጊዜ መግለጫ፣ አስተያየት ያስፈልጋል። ለዚህም ነው የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያወጣው የቋንቋ ደረጃ ማዕቀፍ «ያጋጠመን ነገር መተረክ መቻል»ን የመካከለኛ ተማሪ መለያ ያደረገው። የዩኪ 3ኛ ደረጃም የሚዛመደው ከዚሁ ጋር ነው።

ከግሡ እንጀምር። የፊንላንድኛ ኃላፊ ጊዜ ምልክት አንዲት «ኢ» ናት። «ኦስታን» እገዛለሁ ነው፤ «ኦስቲን» ገዛሁ። «ማትኩስታን» እጓዛለሁ፤ «ማትኩስቲን» ተጓዝኩ። አንዳንዴ «ኢ» ስትገባ ከፊቷ ያለውን አናባቢ ትለውጣለች፦ «ማክሳን» (እከፍላለሁ) «ማክሶይን» (ከፈልኩ) ይሆናል። አሉታው ላይ ሥራው ለሁለት ይከፈላል፤ «ኤን ኦስታኑት» (አልገዛሁም) ሲባል «ኤን» እኔ መሆኔን ይናገራል፣ «ኦስታኑት» ደግሞ ነገሩ ያለፈ መሆኑን። አማርኛ በአንድ ቃል ጠቅልሎ የሚለውን ማለት ነው።

ዋናው ችግር ያለው ግን ግሡ ላይ ሳይሆን አተራረካችን ላይ ይመስለኛል። አማርኛ ተናጋሪ «ተነስቼ፣ ቁርስ በልቼ፣ አውቶቡስ ይዤ፣ ሐይቁ ጋ ወርጄ ዋኘሁ» ይላል። ጊዜውን የተሸከመው የመጨረሻው ግሥ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እሱን ተደግፈው ቆመዋል። በፊንላንድኛ እያንዳንዱ ግሥ የራሱን «ኢ» መያዝ አለበት፤ ተነሳሁ፣ በላሁ፣ ያዝኩ፣ ወረድኩ፣ ዋኘሁ። ለአማርኛ ጆሮ ደረቅ ሪፖርት ይመስላል። ለፊንላንዳዊው አንባቢ ግን ልክ ነው። ስለዚህ በአማርኛ አስበው የሚጽፉ ከሆነ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ በአእምሮዎ ይሰባብሩት።

በአንጻሩ ደግሞ አማርኛ የሚያግዝበት ቦታ አለ። «አነበብኩ» እና «እያነበብኩ ነበር» ልዩነታቸው አይጠፋዎትም አይደል? ፊንላንድኛም ይህን ልዩነት ያውቃል፤ የሚያሳየው ግን በግሡ ሳይሆን በተሳቢው ላይ ነው። «ሉይን ኪርያን» መጽሐፉን አንብቤ ጨረስኩ፤ «ሉይን ኪርያአ» መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። ግሡ አንድ ነው፣ የተለወጠው የመጽሐፉ ጭራ ነው። ሐሳቡ ከቤት ስላለ አዲስ የሚማሩት ቦታውን ብቻ ነው።

ቦታ ሲገለጽም እንዲሁ ነው። የእኛ «በ»፣ «ወደ» እና «ከ» ከፊት ይቀድማሉ፤ የእነሱ ከኋላ ይለጠፋሉ፦ «ሳኡናሳ» በሳውና ውስጥ፣ «ሳኡናአን» ወደ ሳውና፣ «ሳኡናስታ» ከሳውና። ከተሞች ላይ ሲደርሱ ግን ሕግ መፈለግ ብዙ አያዋጣም። ኤስፖ ከተማ «ሳ»ን ይወስዳል፣ አጠገቡ ያለው ቫንታ «ላ»ን። ቱርኩ ደግሞ «ሳ» ሲቀጠልበት «ክ»ውን ጥሎ «ቱሩሳ» ይሆናል። የሄዱበትን ከተማ ስም ከነጭራው በቃል መያዝ ይሻላል።

አሁን ወደ ፊደል። አማርኛ ተናጋሪ ማጥበቅና ማላላትን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ «እስካሁን»። በጽሑፍ ግን አንለየውም፤ አንባቢው ከአውዱ ይረዳል። ፊንላንድኛ ይህን ምሕረት አያውቅም። የጠበቀው ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ የተራዘመውም አናባቢ እንዲሁ። አንድ ፊደል ሲቀር ትርጉሙ ይገለበጣል፦ «ታፓአን» አገኘዋለሁ ማለት ነው፣ አጭሩ «ታፓን» ግን እገድለዋለሁ ነው። በኃላፊ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። «ማክሳን» «ማክሶይን» ከሆነ ብሎ በዚያው የሄደ ተማሪ «ታፖይን» ላይ ይደርሳል፤ ትርጉሙም ገደልኩ ነው። የፈለገው «ታፓሲን» ነበር። ከዚያማ ደብዳቤው «በዕረፍቴ የድሮ ጓደኛዬን ገደልኩ፤ በጣም ደስ አለኝ» ሆኖ ያርፋል።

አንድ ደግሞ የአገር ጉዳይ አለ። ለእኛ ሐምሌ ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ያኔ ነው። «ባለፈው ክረምት» የሚለውን በልማድ ወደ «ቪሜ ታልቬና» ከመለሱት ግን በረዶ የሚጥልበትን ወቅት ተናገሩ ማለት ነው። የሚፈልጉት «ቪሜ ኬሳና» ነው፤ ፀሐይ የማትጠልቅበት፣ ሰው ሁሉ ወደ ገጠር ጎጆው የሚሄድበት። ተሳስተው በታልቪ ሐይቅ ውስጥ ዋኘሁ ቢሉ፣ መራሚው ላይደነግጥ ይችላል፤ ፊንላንዶች በረዶ ሰብረው ይዋኛሉና።

ዕረፍት ያልወጡስ? ብዙ የእኛ ሰዎች የዕረፍት ወሩን በፅዳትና በምግብ ቤት ሥራ ነው የሚያሳልፉት። መራሚው ግን የሚመዝነው ቋንቋዎን እንጂ ሕይወትዎን አይደለም። ቤት እንደዋሉ፣ ከልጆችዎ ጋር ፓርክ እንደሄዱ፣ ዝናብ እንደመታችሁና ስትመለሱ ቡና እንዳፈላችሁ መጻፍ ይበቃል። እንዲያውም ከሌላ ሰው ተቀድቶ ከተሸመደደ የስፔን ጉዞ ይሻላል፤ የተሸመደደ ድርሰት ጥያቄው ትንሽ ዘወር ሲል ይሰበራል፣ የዝናቡ ቀን ግን በየትኛውም በኩል ቢጠየቁ የራስዎ ነው።