ራጁ የማያየው ቲቢ

ለመኖር ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ ላይ ቪዛው ከመመታቱ በፊት «ሜዲካል» ማለፍ አለበት። 15 ዓመት የሞላው ሁሉ የደረት ራጅ ይነሳል። ራጁ አጠራጣሪ ነገር ካሳየ በሦስት ተከታታይ ቀናት አክታ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ ነው። ሻንጣውን ሸክፎ ለጨረሰ ቤተሰብ ይህ ጊዜ እንዴት እንደሚረዝም የጠበቀ ያውቀዋል።

ያዘገየው ግን ቢሮው ሳይሆን የቲቢው ባክቴሪያ ራሱ ነው። አንጀት ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ለሁለት ሲከፈሉ የቲቢው 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ተራብቶ እስኪታይ ሳምንታት ያልፋሉ። ይህ ካልቸር የሚባለው ምርመራ ነው።

ቀድሞ አክታ በማይክሮስኮፕ ብቻ ይታይ ነበር። ማይክሮስኮፕ ደግሞ ባክቴሪያውን የሚያገኘው በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል ሲኖር ነው። ከዚያ ያነሰ ያለበት ሕመምተኛ ነፃ ተብሎ ይሳፈራል። አሜሪካ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካልቸርን ደረጃ በደረጃ ግዴታ አደረገች። እስከ 2012 በነበሩት ዓመታት፣ በአዲሱ ምርመራ ገና በአገራቸው ሳሉ ቲቢ ከተገኘባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማይክሮስኮፕ ያለፋቸው ነበሩ። አሜሪካ በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ቲቢ የተገኘባቸው የውጭ ተወላጆች ቁጥርም በዓመት ከ1,511 ወደ 940 ወረደ።

ብዙ ሰው ምርመራውን በር መዝጊያ አድርጎ ይፈራዋል፤ ሳሉን የሚደብቅም አለ። እኔ ግን ከማንም በፊት የሚጠቅመው ተጓዡን ነው እላለሁ። ቲቢ የተገኘበት ሰው በተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ያህል መድኃኒቱን በጤና ባለሙያ ፊት እየዋጠ ይድናል፣ ከዚያም ይሄዳል። ቲቢው እያለበት ያልተገኘበት ደግሞ ቋንቋውን በማያውቀው አገር፣ ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ይታመማል። ዲቪ የደረሰው ሰው ብቻ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ቪዛው እስከ ሴፕቴምበር 30 ካልተሰጠ ዕድሉ ያልፋል። ሜዲካሉን በጊዜ መጀመር ያለበት ለዚህ ነው።

ራጅም ካልቸርም የማያገኙት ሌላ ነገር አለ፤ ድብቅ ቲቢ፣ ማለትም ባክቴሪያው ሳያሳምም ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ሲቆይ። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በባክቴሪያው ተይዟል፤ ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ስኳር፣ ኤች አይ ቪ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የተኛውን ይቀሰቅሰዋል። አሜሪካ ውስጥ ከሚገኙት የቲቢ ሕመሞች አብዛኞቹ እንዲህ ከቆየ ልክፍት የሚነሱ ናቸው። ስለዚህ ራጁ ንጹሕ የሆነለት ሰውም ከገባ በኋላ ሐኪሙን የቲቢ የደም ምርመራ ይጠይቅ። በልጅነት የተወሰደ የቢሲጂ ክትባት የቆዳውን ምርመራ ሊያሳስት ይችላል፣ የደሙን ግን አያሳስትም። ድብቅ ቲቢ ያለበት ሰው ወደ ማንም አያስተላልፍም፤ በሳምንት አንዴ፣ 12 ጊዜ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒትም አለው።